በጉርሻ የተዘጋ አፍ

ደሴ ውስጥ፣ በተለይ በኛ ሰፈር፣ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ተመልክቶ፣ "ጥሩ ነው፤ እንዋዋል" ሲል፣ ከአጠገቡ የቆመ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። እንግዳው ይስቃል። የሰፈሩ ሰው ግን አይስቅም። ወጣቶቹ ይናገሯታል እንጂ ከየት እንደመጣች አያውቁም፤ አንዳንዱ የጥንት ትመስለዋለች። የጥንት አይደለችም። ስትወለድ እዚያው ነበርኩ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ፣ እንድትወለድ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔው ነኝ።

ከማል እባላለሁ፤ የቤት ደላላ ነኝ። ደላላ ሲናገር ሰው ግማሹን ይቀንስለታል። ለምጄዋለሁና አልቀየምም። ይህንን ግን ሳትቀንሱ ስሙኝ።

ቤቱ የአባባ ሙሔ ነበር። አባባ ሙሔ መንገድ ሥራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠራተኛ እያዘዙ በካቦነት ያገለገሉ፣ ድንጋይና ሲሚንቶ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ያንን ቤት መሠረቱን ራሳቸው ቆፍረው፣ ግንቡን ራሳቸው ገንብተው ነው የሠሩት። ሰፈሩ ሁሉ በሳንቃ የተሸፈነ ጉድጓድ ላይ በሚቀመጥበት ዘመን፣ እሳቸው ቤት ውስጥ በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ አስገብተው፣ ፍሳሹን ከጓሮ በሲሚንቶ ወደተለበጠ ጉድጓድ አወረዱት። እናቴ ስታወራ፣ ውሃው ሲለቀቅ ለማየት ሴቶች ተሰብስበው ይሄዱ ነበር ትላለች።

ጓሮው ውስጥ አንድ ክብ ነበር። ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ዙሪያውን ተደርድረው፣ መሃሉ ሣር ብቻ። ከክቡ ጠርዝ ከሰው ቁመት የሚረዝም የብረት ቱቦ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የቆርቆሮ ቆብ ደፍቷል። ከማድቤቱ ጀርባ ደግሞ ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ተጋድሟል። የዘንጉ አንደኛው ጫፍ ላይ እንደ ጣት የታጠፈ ብረት ተገጥሞለታል፤ ወደ ሌላኛው ጫፍ በቢላ የተቀረጹ ምልክቶች አሉ፤ ከምልክቶቹ አንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። እኔ ያንን ግቢ ለስንት ገዢ አሳይቻለሁ! ክቡን "የአበባ ቦታ ነው" እያልኩ አልፈዋለሁ። ስለ ዘንጉና ስለ ቱቦው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ አባባ ሙሔ ሐይቅ ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ቆረጡ። ቤቱን የገዛው አራጋው ነው። አራጋው ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ፣ ሰው አክባሪ፣ ንጽሕና የሚወድ ሰው ነው። ጫማው ላይ አቧራ ሲያይ ቀኑ ይበላሽበታል። ሚስቱ የሺመቤት፣ ልጁ ትብለጥ፣ ታናሽ ወንድሙ ጌጡ አብረውት ይኖራሉ። ጌጡን ወላጆቻቸው ከሞቱ ጊዜ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ስለሆነ፣ ወንድሙ ብቻ አልነበረም፤ የመጀመሪያ ልጁ ማለት ነው። ጌጡ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ያለበት ቦታ ሁሉ ሳቅ አይጠፋም።

እኛ ዘንድ ቤት ሲሸጥ ውል ብቻውን አይበቃም። ሻጭ ከገዢ ጋር ባንድ ትሪ በልቶ፣ መርቆ፣ ቁልፍ በሁለት እጁ ካልሰጠ፣ ግዢው ሙሉ አይባልም። ስለዚህ አራጋው ማዕድ አዘጋጅቶ ጠራን። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ሁሉም የጾም ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጠ። የዕድሩ ዳኛ አሉ፤ ጎረቤቶች አሉ፤ እኔ አባባ ሙሔ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

አባባ ሙሔ ቁልፉን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው ለአራጋው በሁለት እጃቸው ሰጡት። እሱም ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። እልል ተባለ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

"ልጄ" አሉት፤ "የማስረክብህ ቁልፍ ብቻ አይደለም። ከጓሮ ያለው የሽንት ቤት ጉድጓድ..."

ወይዘሮ የሺመቤት የያዘችውን የወጥ ድስት እንደያዘች ቆመች። ከጎረቤት ሴቶች አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የአራጋው ፊት ቀላ። እንግዳ ጠርቶ፣ አዲስ ቤቱ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ትሪ ላይ ስለ ሽንት ቤት ይወራበት?

"አባባ፣ ማዕድ ላይ ነን እኮ" አለ፤ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

"ይገባኛል ልጄ፤ ነውርም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ነገ ማልጄ ወደ ሐይቅ መሄዴ ነው፤ ይህ ነገር ደግሞ..."

ይኸኔ ነው እኔ የገባሁት። ደላላ ዝምታና ቅሬታ አይወድም፤ ሁለቱም ሥራውን ያበላሹበታል። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልኩና፣ "አባባ፣ ቢስሚላህ በሉ!" ብዬ አፋቸው ውስጥ ከተትኩት። ዓይናቸው ፈጠጠ። ለማኘክ ታገሉ። ገና ሳይውጡ፣ "አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ብዬ ሁለተኛውን ደገምኳቸው። ትሪውን የከበበው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አራጋው በምስጋና ዓይን አየኝ። እኔም ኮራሁ።

አባባ ሙሔ እያኘኩ ዓይናቸውን ከአራጋው ላይ አልነቀሉም። እስኪውጡ፣ ውሃ እስኪጠጡ ድረስ የዕድሩ ዳኛ ተነሥተው ምርቃት ጀመሩ። ምርቃትን ማን ያቋርጣል? "አሜን፣ አሜን" ተባለ፤ እጅ ተታጠበ፤ ሰው ተበተነ።

አባባ ሙሔን በር ላይ ስሸኛቸው ክንዴን ያዙኝ።

"ከማል፣ እንግዲህ አንተ ንገረው። ክቡን እንዳያነሣ፣ ዘንጉን እንዳይጥል በለው። ሌላውን መጥቶ ይጠይቀኝ።"

"አብሽሩ አባባ፤ እነግረዋለሁ" አልኳቸው።

አልነገርኩትም። ረሳሁ ብል ውሸት ይሆናል። ደስ ብሎት ቤት የገዛን ሰው ስለ ጉድጓድ ማስታወስ ደስ አላለኝም፤ ያለው ይኸው ነው።

በወሩ ግቢው ሌላ ሆነ። ነጫጮቹ ድንጋዮች ተለቅመው ተጣሉ። ሣሩ ተነቅሎ ጓሮው በሙሉ ሲሚንቶ ተደረገበት፤ በላዩ ላይ ቡናማ ሴራሚክ ተነጠፈ። ቱቦው ቀረ። አራጋው፣ "ይህ ነገር ግቢውን አስቀያሚ አደረገው፤ ቁረጠው" ብሎ ለጌጡ መጋዝ ሰጠው። ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ወንድም ጋሼ" አለ ጌጡ፣ ቱቦውን መታ መታ እያደረገ፤ "ይህ እኮ ቆብ የደፋ ነው። ቆብ የደፋ ነገር ምንኩስና አለው፤ ባንነካው አይሻልም?"

ሳቅን። ጌጡም እየሳቀ ቆረጠው፤ ቀዳዳው በጠጠርና በሲሚንቶ ተደፈነ። የዘንጉን የታጠፈ ብረትም በዚያው መጋዝ ቆርጠው፣ ዘንጉን የልብስ ማስጫ ገመድ መደገፊያ አደረጉት። እኔ እንኳ ምን አልኩ መሰላችሁ? "አራጋው፣ ግቢው አሁን ግቢ ሆነ!" አልኩ።

ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት መጸዳጃው ድምፅ ያሰማ ጀመር፤ ውሃ ሲለቀቅ እንደታነቀ ሰው ጉሮሮ ይንተከተካል። ቀጥሎ መታጠቢያው ወለል ላይ ጥቁር ውሃ ብቅ አለ። ሽታውን መጀመሪያ ያወቀው ጎረቤት ነው፤ ባለቤቶቹ እስኪነገራቸው ድረስ ለምደውት ነበር። የሺመቤት በረኪና ጨመረች። አልሆነም። እጥፍ ጨመረች። ባሰው። ጥፋቱን አንዴ በዝናቡ፣ አንዴ በጎረቤት አሳበቡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ትብለጥን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከኩታበር ሊመጡ ቀን ተቆረጠ፤ እሑድ። ያስጠየቃት ልጅቷ የምትወደው ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ የተከበረ ነው። አራጋው እንቅልፍ አጣ። የኩታበር ሽማግሌ እግሩን ዘርግቶ ከተቀመጠ በኋላ "መጸዳጃው የት ነው?" ቢል ምን ይመለስለታል? ሰው ልጁን ሊድር ቤቱ የጠራው ሽማግሌ፣ በክፉ ጠረን ተባርሮ ይመለስ?

ሐሙስ ዕለት የፍሳሽ መጣጭ መኪና ተለምኖ መጣ። ሾፌሩ ጓሮውን ዞሮ ዞሮ አየ።

"የሴፕቲክ ታንከሩ አፍ የታለ?" አለ።

"እዚህ ሥር ነው" አለ አራጋው፣ ሴራሚኩን እያሳየ።

"እዚህ ሥር የት?"

አራጋው ሴራሚኩን ከዳር እስከ ዳር አየ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በላዩ ላይ ሲሄድ ኖሮ፣ የቱ ላይ እንደሆነ አያውቅም።

"ወንድሜ፣ እኔ በአፉ ነው የምመጥጠው እንጂ በሴራሚክ ላይ አልመጥጥም። ቆፍራችሁ ስታገኙት ጥሩኝ፤ ተራ የማገኝላችሁ ግን ሰኞ ነው" ብሎ መኪናውን አዞረ። ሰኞ ደግሞ ከእሑድ በኋላ ነው።

ዓርብ ሙሉ ቀን ሴራሚክ ሲሰበር ዋለ። ሁለት የቀን ሠራተኞች ሦስት ቦታ ቆፈሩ፤ አፈር ብቻ። ሲመሽ አራጋው ስልክ ደወለልኝ።

"ከማል፣ ያ ሽማግሌ በሕይወት አሉ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አሉ።"

"የጉድጓዱን አፍ ጠይቅልኝ። ተዋርጄ ልሞት ነው።"

በልጃቸው ስልክ አገኘኋቸው። ነገሩን ነገርኳቸው።

"ክቡስ?" አሉኝ።

"ተነሥቷል፣ አባባ።"

"አፍንጫውስ?"

"የቱ አፍንጫ?"

"ባለ ቆቡ ቱቦ።"

"ተቆርጧል።"

ሲተነፍሱ ይሰማኛል። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው የካቦ ድምፅ ሆነ። "ስማኝ ከማል። ክዳኑ ከማድቤቱ ማዕዘን ወደ አጥሩ ስድስት እርምጃ ነው። ሲያገኙት ይክፈቱትና ይራቁ። ማንም ሰው እንዳይገባ። የታፈነ ጉድጓድ ነው፤ ሰው ይሞታል በለው። ሌላ ቃል አትጨምርበት፤ ልክ እንዲህ ብለህ ንገረው። ነገ ጠዋት መጥተህ ውሰደኝ፤ እኔው ደርሼ አሳያቸዋለሁ።"

አራጋው ዘንድ መልሼ ደወልኩ። ራት ላይ ነበሩ፤ የትብለጥና የጌጡ ሳቅ ይሰማል። ልጅ ልትታጭ ነው፤ ቤቱ ሞቋል። እዚያ ሳቅ መሃል "ሰው ይሞታል" የሚል ቃል ምላሴ ላይ ከበደኝ። ሥራዬ ቃል ማለስለስ ነው። ጣሪያው ያፈሳል የተባለውን "ትንሽ እድሳት ይፈልጋል" እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ።

"ስድስት እርምጃ ነው፤ ከማድቤቱ ማዕዘን ወደ አጥሩ" አልኩት። "ነገ ራሳቸው ይመጣሉ። እስከዚያ ባትገቡበት ይሻላል ብለዋል።"

ባትገቡበት ይሻላል። እነዚህን ሁለት ቃላት እስክሞት አልረሳቸውም።

ቅዳሜ ማለዳ ሐይቅ ሄድኩ። አባባ ሙሔ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መኪናው ውስጥ እንደገባን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እንዳልኩህ ነገርከው አይደል?"

"ነግሬዋለሁ" አልኩ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እዚያ የሆነውን ኋላ የነገረኝ አንዱ የቀን ሠራተኛ ነው። ገና ሌሊት ጀምረው ክዳኑን ልክ ስድስት እርምጃ ላይ አገኙት። በዲጂኖ ፈነቀሉት። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ በባልዲ ሲቀዱ ቆዩ፤ ውሃው ወርዶ የሰው ጉልበት ያህል ሲቀረው፣ ግድግዳው ላይ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ የሚያሻግረው ቱቦ ታየ። በጥቅጥቅ ነገር ተደፍኗል። እሱ ቢከፈት ውሃው ራሱ ይሄድ ነበር። ከወዲያ የዕድሩ ወጣቶች ለእሑዱ እንግዳ ድንኳን እየተከሉ ናቸው። ያንን የአባባ ሙሔን ዘንግ የመሃል ምሰሶ አድርገውታል።

"ከማል ሽማግሌውን ይዞ እስኪመጣ እንጠብቅ" አለ አራጋው።

ጌጡ ሱሪውን ጠቅልሎ መሰላሉን አስገብቶ ነበር። "ወንድም ጋሼ፣ ነገ እኮ ሽማግሌ ይመጣል! ይህንን ከፍተን፣ ሲሚንቶውን መልሰን ደፍነን፣ ጠርገን፣ መቼ ሊደርቅልን ነው? ደግሞ ሰውዬው ባትገቡ ይሻላል አሉ እንጂ አትግቡ አላሉም።"

አራጋው አመነታ። ከዚያ መሰላሉን ያዘለት።

ጌጡ በብረት ዘንግ ቱቦውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጋው። "አገኘሁት!" ብሎ ጮኸ። ጥቁር ነገር ተንዶ ፈሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው፤ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ወደ ጎኑም አጋደለ።

አራጋው ሊዘል ሲል ሁለቱ ሠራተኞች ተጠመጠሙበት። "የሚያወጣው የታጠፈ ብረት ያለው ነገር! ረጅም ነገር!" እያሉ ግቢውን አተራመሱት። ረጅሙ ዘንግ ድንኳን ተሸክሟል፤ የታጠፈው ብረት ከሦስት ዓመት በፊት ተቆርጦ ተጥሏል። ከሦስተኛው ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ባልዲ ማውጫ ሜንጦ ተሮጦ መጣ። ሲያወጡት አይተነፍስም ነበር። ሆስፒታል ወሰዱት፤ አልሆነም።

እኛ ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዋይታውን ከመንገድ ሰማነው። አባባ ሙሔ ከመኪና ወርደው ወደ ጓሮው ሄዱ፤ የተከፈተውን አፍ አዩ፤ የድንኳኑን ምሰሶ አዩ። ቀዩ ጨርቅ ገና ታስሮበት ነበር። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ ቢመቱኝ በተሻለኝ ነበር።

ጌጡ እሑድ ተቀበረ። ከኩታበር ሊመጡ የነበሩት ሽማግሌዎች በቀጠሯቸው መጡ፤ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው። ለእነሱ የተተከለው ድንኳን የለቅሶ ድንኳን ሆኖ ጠበቃቸው። ትብለጥ ፊቷን ነጭታ አልጋ ላይ ወድቃለች።

በዚያው ምሽት አራጋውን ጥግ ላይ ብቻውን አገኘሁትና እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። "ሰው ይሞታል ነበር ያሉኝ" አልኩት። "ባትገቡ ይሻላል የኔ ቃል ነው። አባባ እንዲህ አላሉም።"

ሊያባርረኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"አንተ አለሰለስከው" አለኝ በመጨረሻ፤ "እኔም ለስላሳውን ነበር የምፈልገው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ከማል።"

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ እንባው አልቆበት ነበር።

በሣልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ማዕድ ቀረበ። አባባ ሙሔ ወደ ሐይቅ አልተመለሱም፤ የዕድሩ ዳኛ ቤት እያደሩ ለቅሶ ይቀመጣሉ። የኩታበሮቹም አሉ። አራጋው ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ሐዘንተኛ በገዛ እጁ አይበላም፤ ያጎርሱታል፤ የዕድሩ ዳኛም በዓይናቸው ወደ እኔ ጠቀሱ። ጉርሻ ጠቀለልኩና፣ "አራጋው፣ አፈር ስሆን" ብዬ አቀረብኩለት።

እጄን አየር ላይ ያዘው።

"ተው ከማል" አለኝ። "የአንተ ጉርሻ አንድ ጊዜ አፍ ሲዘጋ አይቻለሁ።"

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለስኩት። አራጋው ወደ አባባ ሙሔ ዞረ።

"አባባ፣ የዚያን ቀን ሊነግሩኝ የጀመሩትን ዛሬ ይጨርሱልኝ።"

አባባ ሙሔ የተሰበሰበውን ሰው አዩ። "ልጄ፣ ማዕድ ላይ ነን" አሉት። ቂም አልነበረበትም፤ ሰውን አክብረው ነው።

"ይሁን። ማዕድ ላይ ይንገሩኝ። ሰውም ሁሉ ይስማ።"

አባባ ሙሔ ያነሱትን እህል መልሰው አስቀመጡና ተናገሩ። ካቦ ሠራተኞቹን ሲያስረዳ እንደሚናገረው፣ ቀስ እያሉ።

"ጉድጓዱ ሁለት ነው" አሉ። "የመጀመሪያው ሆድ ነው፤ ወፍራሙ ታች ይዘቅጥበታል። የጠራው ውሃ በቱቦ ወደ ሁለተኛው ይሻገርና ወደ መሬት ይሰርጋል። ነጫጭ ድንጋዮቹ ለጌጥ አልነበሩም። እዚህ ላይ አትሥራ፣ ዛፍ አትትከል፣ መኪና አታሳልፍ ለማለት ነው ያስቀመጥኳቸው። ያ ዘንግ ደግሞ መለኪያዬ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሣሩን ገፍፌ ክዳኑን በታጠፈው ብረት ከሩቅ ስቤ እከፍታለሁ፤ ዘንጉን በሌላው ጫፍ አወርደዋለሁ፤ ዝቃጩ ቀዩ ጨርቅ ጋ ከደረሰ መጣጭ መኪና እጠራለሁ። በሦስትም በአራትም ዓመት አንዴ ነው። በረኪና እንዲበዛበት አልፈቅድም፤ ዝቃጩን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው፤ በረኪና ይፈጃቸዋል።"

ትንሽ አረፉ።

"ባለ ቆቡ ቱቦ አፍንጫው ነው። በሱ ይተነፍሳል። ካልተነፈሰ መጥፎው አየር ውስጡ ይታመቃል፤ ሲነካኩት ይለቀቃል። ያ አየር ሲበረታ ሽታውን እንኳ አታውቀውም፤ አፍንጫህን መጀመሪያ ይገድለዋል። እኔ በጎልማሳነቴ አንድ ጊዜ ገብቼ፣ ሰዎች በገመድ ጎትተው ነው ያተረፉኝ። ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ ቢያድርም፣ ባዶም ቢሆን፣ ሰው ወደዚያ እንዳይወርድ ምዬ ነበር። ልነግርህ የነበረው ይኸው ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።"

ፊቱን ያዞረ ሰው አልነበረም። "ነውር" ያለም የለም። ከኩታበሮቹ ሽማግሌዎች አንደኛው አገጩን በእጁ ይዞ እንደ ተማሪ ያዳምጣል። ከሴቶቹ ወገን ያቺ የዚያን ጊዜ አፏን በነጠላ የሸፈነችው ጎረቤት፣ "አባባ፣ የኛም ቤት የተገዛ ነው፤ አፉ የት እንደሆነ እኔም አላውቅም" አለች። ሌላዋም፣ "እኛም" አለች። ከበስተኋላ ሁለት ወንዶች ቀስ ብለው ተነሥተው ወደየግቢያቸው ሄዱ።

አራጋው ከኪሱ የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረገው፤ ያኔ በሁለት እጁ የተቀበለውን ያንኑ ቁልፍ።

"ይህንን ስይዝ ቤቱን የተረከብኩ መስሎኝ ነበር፣ አባባ" አለ። ያለቀበት የመሰለን እንባ ያን ጊዜ መጣ።

አባባ ሙሔ ቁልፉን የያዘ እጁን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዘጉለትና፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለን ሁላችን እየሰማን፣ "ቁልፍ የተቀበለ ይገባል፤ ጉድጓድ የጠየቀ ይኖራል፣ ልጄ" አሉት።